ግራው ዳር የቱ ነው?

ባለፈው ክረምት «እህሉ በሌፍት ባንክ ይራገፍ» የሚል የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ደረሰን። ድልድዩ ላይ ቆመን፥ ፊታችንን ውኃው ወደሚመጣበት አዙረን ነበርና በግራ እጃችን በኩል አራገፍነው። በነጋታው ጎርፍ ድልድዩን ዘጋው፤ በማዶ ያሉት እናቶች አራት ቀን ጠበቁ።

ስሕተቱ የእኛ ነበር። እኛ «ማዶ» የምንለው ከቆምንበት ተነሥተን ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ከውኃው ጋር ይወርዳል። ፊታችሁን ውኃው ወደሚፈስበት ብታዞሩ ግራችሁ ሌፍት ባንክ፥ ቀኛችሁ ራይት ባንክ ነው። የባሕር ዳር መሐል ከተማ በዓባይ ቀኝ ዳር፥ የካርቱም መሐል ከተማ ደግሞ በዚያው ወንዝ ግራ ዳር ይገኛል።

አፕስትሪም ወደ ምንጩ፥ ዳውንስትሪም ወደ ቁልቁለቱ ነው እንጂ ሰሜንና ደቡብ ማለት አይደለም። ዓባይ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ፥ በኢሳይያስ 11፥11 ጳትሮስ የተባለው ላይኛው ግብፅ በደቡብ ነው። ማውዝ ማለትም «አፍ» ቢሆንም (ይህም አሳስቶናል) ወንዙ የሚነሣበት ሳይሆን ባሕር ወይም ሐይቅ የሚገባበት ነው።

የመጠጥ ውኃ ከመንደሩ አፕስትሪም ይቀዳ፤ ልብስ የሚታጠበውና ከብት የሚጠጣው ዳውንስትሪም ይሁን። ሪፖርት ስትጽፉም ከቃሉ አጠገብ የመንደሩን ስም ጨምሩበት።