የአውሮፕላኔን ክንፍ ምን አቀለጠው?

ጥያቄ፦ አትክልት ተራ ነው የምኖረው። ዘመድ ያመጣልኝን የኤፍ-5 ፕላስቲክ ሞዴል ገጣጥሜ ብርማ ቀለም ቀባሁት። በጥፍር ሲነካ ይላጣል። በቲነር ላስለቅቀው ብሞክር ክንፉ ቀለጠብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የገጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ቀለሙን ያስላጠው ከፋብሪካው የቀረ የቅርጽ ማውጫ ቅባት ሳይሆን አይቀርም። ክንፉን የጎዳው ግን ቲነሩ ነው፤ ሞዴሉ የተሠራበት ፖሊስታይሪን በመኪና ቀለም ቲነር ይሟሟል። ብዙዎቻችን በዚሁ ስህተት ነው የተማርነው።

ክንፉን ለፕላስቲክ በሚሆን ስቱኮ በስሱ ይሙሉ፤ ሲደርቅ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ ያለስልሱት። ከዚያ አካሉን በለብታ ውኃና በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ መጀመሪያ ስስ ፕራይመር፣ ቀጥሎ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይቀቡ። ማንኛውንም አዲስ ቀለም ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ትርፍ ፕላስቲክ ላይ ይሞክሩት።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን ሰማይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተፋለመውን የኢትዮጵያ ኤፍ-5 ለመሥራት ካሰቡ፣ ከባንዲራው ቀለማት አስቸጋሪው ቢጫው ነው። ሥሩ ነጭ ካልተቀባ ይደበዝዛል።

ቀለም ሲረጩ መስኮት ይክፈቱ። ራስዎን ካዞረዎት ወደ ውጭ ይውጡ፤ ትንፋሽ ካጠረዎት ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አይዘግዩ።