ዕውቀት በሥራ ላይ ሲፈተን፤ የሐኪሞች፣ የነርሶችና የመሐንዲሶች ሥልጠና

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሁለት የተለያዩ የሙያ ዓለማት በቅርብ ይገኛሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶችን ያሠለጥናል፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ አጠቃላይ ሆስፒታል ደግሞ ሕሙማንን ያክማል። የሁለቱ ሥራ የተራራቀ ቢመስልም አንድ የጋራ ጥያቄ አላቸው፤ ይኸውም ትምህርቱን በጥሩ ውጤት የፈጸመ ሰው ሥራውንም በጥሩ ሁኔታ ይፈጽማልን? የሚለው ነው። ከሁለቱም ሙያዎች አንዳንድ ምሳሌ ወስደን እንመልከት።

ከሕክምናው ዓለም

ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ብርቱ የደም መፍሰስ በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ዋነኛ ምክንያቶች ከሆኑት አንዱ ነው። ማሕፀንን ማሸትም ሆነ ኦክሲቶሲን መስጠት አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ ማንኛውም አዋላጅ ነርስ በትምህርት ቤት ይማረዋል። ይሁን እንጂ የፈሰሰውን ደም በዓይን መገመት ብዙውን ጊዜ መጠኑን አሳንሶ ያሳያል። ርምጃዎቹም ተራ በተራ፣ የአንዱ ውጤት እየተጠበቀ ስለሚወሰዱ ውድ ጊዜ ያልፋል።

በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደና ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለዚህ ችግር መፍትሔ አመልክቷል። ደሙ በልኬት በተሠራ ፕላስቲክ እንዲለካ፣ ሕክምናውም በአንድነት እንዲሰጥ ባለሙያዎቹ በሥራ ቦታቸው ሠለጠኑ፤ የሥራቸው ውጤትም በየጊዜው ይነገራቸው ነበር። በእነዚህ ሆስፒታሎች ብርቱ የደም መፍሰስን፣ በዚሁ ምክንያት የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምናንና ሞትን በአንድነት የያዘው መለኪያ፣ በተለመደው መንገድ ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸር በ60 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የተለወጠው የመድኃኒቱ ዕውቀት ሳይሆን የአሠራሩ ሥልጠና ነበር።

ከምህንድስናው ዓለም

ከአቃቂ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የነበረው ይህ ጣቢያ በደለል መከማቸትና በጥገና ጉድለት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራውን አቆመ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ታድሶ እንደገና ተመረቀ። ወንዝ ወደ ግድብ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ተሸክሞት የመጣው አፈርም ይዘቅጣል። ይህን ሕግ ተማሪ ከመጽሐፍ ያገኘዋል። ደለሉን በየዓመቱ መለካት፣ ልኬቱን መዝግቦ ማቆየትና ጥገናውን በጊዜው ማስፈጸም ግን በሥራ ላይ የሚገኝ ልምድ ነው።

የጥሩ ሥልጠና ምልክቶች

ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ትምህርቶችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ኃላፊነት ደረጃ በደረጃ መሰጠት አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚፈጀው የሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና በዚህ መርሕ የቆመ ነው፤ ሠልጣኙ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ያግዛል፣ ከዚያም አሠልጣኙ እያየው ይሠራል፣ በመጨረሻ ብቻውን ይቆማል። ሁለተኛ፣ ሠልጣኙ ስሕተቱን ሳይዘገይ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፤ እርማት ያላገኘ ልምምድ ስሕተትን ያጸናልና። ሦስተኛ፣ አብረው የሚሠሩ ባለሙያዎች አብረው መሠልጠን አለባቸው። ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን በጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር።

ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚዘጋጅ ወይም ለተግባር ልምምድ ወደ ፋብሪካ የሚላክ ተማሪ «ምን እማራለሁ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። «ምን ያህል ጊዜ በእጄ እሠራለሁ? ማንስ እያየ ያርመኛል?» ብሎም ይጠይቅ። የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ ደሟ ለሚፈስ እናትና ብርሃን ለሚጠብቅ ከተማ ይጠቅማልና።