የንግድ ቤት ስልክ ቁልፎች አሞላል
ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ነጋዴዎች

በንግድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የዛሬ ስልክ ከአሥሩ አኀዞች ሌላ ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ሃያ አራት ቁልፎች ተደርድረውበት ይገኛል። ባለቤቱ ለእነዚህም ቁልፎች ዋጋ ከፍሎባቸዋል። ነገር ግን ስልኩን የተከለው ባለሙያ ሂሳቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ አብዛኞቹ ምንም ሳይሞላባቸው አቧራ ለብሰው ይቀራሉ፤ ጸሓፊውም እያንዳንዱን ቁጥር ከደብተር እየፈለገ አንድ በአንድ ሲመታ ይውላል።

ቀድሞ የቁልፉን ሥራ የሚሠራው ሰው ነበር። የስልክ ማዞሪያው በእጅ በሚሠራበት ዘመን ደንበኛው መዘውሩን አዙሮ ስልከኛውን ይጠራና የሚፈልገውን ሰው በስሙ ይነግረዋል። ስልከኛውም ሰውየውን ስለሚያውቀው ቁጥር ሳይጠይቅ ያገናኛል፤ ነጋዴው ወደ ገበያ መውጣቱን ከሰማም «ማታ ቢደውሉ ይሻላል» ብሎ ይመልሳል። ቁልፍ ግን የተነገረውን ብቻ ያደርጋል፤ ጌታው ለቅሶ ቤት መሄዱን አያውቅም። ስለዚህ ስልከኛው በራሱ አእምሮ ይይዘው የነበረውን ነገር ሁሉ ዛሬ ባለ ሱቁ አስቀድሞ አስቦ በቁልፉ ላይ ሊያኖረው ይገባል።

ቁልፍ ሊይዘው የሚችለው ነገር በአራት ይከፈላል፤ ይኸውም የውጭ ሰው ስልክ ቁጥር፣ የቤቱ የውስጥ መስመር፣ ከቴሌ የመጣው የውጭ መስመርና እንደ ጥሪ ማዘዋወር ያለ አገልግሎት ነው። ከእነዚህ መካከል በአገራችን እጅግ የተናቀው የውስጥ መስመር ቁልፍ ነው። ቁልፉ መብራት ስላለው መጋዘን ያለው ሠራተኛ በስልክ እየተነጋገረ ሲሆን ይበራል፤ ጸሓፊውም መብራቱን አይቶ ደንበኛውን በተያዘ መስመር ላይ ከመወርወር ይድናል። ማዞሪያው ትልቅ መሆን የለበትም። በትናንሽ መሥሪያ ቤቶች የሚታወቀው የፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ 824 ከፋብሪካ ሲወጣ 3 የውጭና 8 የውስጥ መስመር የሚይዝ ሲሆን፣ ካርድ ሲጨመርበት እስከ 8 የውጭና 24 የውስጥ መስመር ይደርሳል።

የትኛው ቁልፍ ምን ይያዝ የሚለውን ባለሙያው ሊወስን አይችልም። ነፋስ መውጫ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ በሚዘልቀው ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች የነጋዴዋ ስልክ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ ባንድ ወገን ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር፣ በሌላው ወገን ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ነው። የደጋውን ድንች፣ ገብስና ስንዴ የሚሰበስብ ነጋዴ ከመካነ ኢየሱስና ከአርብ ገበያ ሰዎቹ ጋር በቀን ብዙ ጊዜ ይነጋገራል፤ አዲስ አበባ ላለው አስመጪ ግን ምናልባት በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውል ይሆናል። እንዲህ ያለው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ቁልፍ ለአዲስ አበባው ሰው ይሰጣል፤ ምክንያቱም ያ ሰው ከሁሉም የከበረ ነው። ይህ ስሕተት ነው። ቁልፍ የሚሰጠው በብዛት ለሚደወልለት እንጂ ለሚከበረው አይደለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከስልኩ አጠገብ ወረቀት አኑሮ በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ አንዲት ሰረዝ ማድረግ ጥያቄውን ይፈታዋል።

አሞላሉ እንደ ስልኩ ዐይነት ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። እጀታው በቦታው ሳለ «ፕሮግራም» የሚለው ቁልፍ ይጫናል፤ የሚሞላው ቁልፍ ይነካል፤ የአገልግሎቱ ዐይነት መለያና ቁጥሩ ይገባል፤ በመጨረሻም «ስቶር» የሚለው ይጫናል። የዐይነቱ መለያ ከስልኩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ውስጥ ስለሚገኝ መጽሐፉን ከካርቶኑ ጋር መጣል አይገባም። እዚህ ላይ ዘወትር የሚፈጸመው ጥፋት የውጭ መስመር መጥሪያውን አኀዝ መርሳት ነው። በእጅ ሲደወል አስቀድሞ 9 ወይም 0 የሚመታ ከሆነ በቁልፉም ውስጥ ከቁጥሩ በፊት መግባት አለበት፤ ያለዚያ ማዞሪያው የውስጥ መስመር የተጠራ መስሎት ዝም ይላል፤ ነጋዴውም ቴሌን ይወቅሳል።

ቁጥሩም ሁልጊዜ በሙሉ 10 አኀዝ ሊገባ ይገባል። በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ስልክ ቁጥሮች በተለወጡ ጊዜ የሰሜን ምዕራቡ የአካባቢ መለያ 058 ሲሆን በየቁልፉ የተቀመጡ የድሮ ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆነዋል። ቁጥሮቹን በወረቀት ያልያዘ ቤት ሁሉንም እንደ አዲስ መጠያየቅ ነበረበት።

ከአገልግሎቶች ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው ጥሪ ማዘዋወር ነው። ባለ ሱቁ ቅዳሜ ማታ ሲዘጋ ጥሪውን ወደ ቤቱ ያዘዋውራል እንበል። ሰኞ ጧት ማንሣቱን ከረሳ፣ ሁለት መቶ ኩንታል ስንዴ የፈለገ የባሕር ዳር ገዢ ሦስት ጊዜ ደውሎ ሰው በሌለበት ቤት ሲጮህ ይሰማል፤ ትእዛዙንም ለሌላ ይሰጣል። ባለ ሱቁ ጥሪ መምጣቱን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ይህ አገልግሎት መብራት ያለው የራሱ ቁልፍ ሊኖረው ይገባል። ደግሞም አንድ የውጭ መስመር ብቻ ያለው ቤት በማዞሪያው አማካይነት ጥሪን ወደ ውጭ ማዘዋወር አይችልም፤ አንዱ መስመር ለሚመጣው፣ ሌላው ለሚሄደው ያስፈልጋልና።

ብዙ ነጋዴ የሚሠራው በእጅ ስልክ ስለ ሆነ የእርሱም መንገድ መታወቅ አለበት። ወደ ስማዳ ቆላ ወርዶ ኔትዎርክ የሚያጣ ሰው **62* ብሎ የሱቁን ቁጥር ካስገባ በኋላ # ቢመታ፣ ስልኩ በማይገኝበት ጊዜ ብቻ ጥሪው ወደ ሱቁ ይሄድለታል። ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር እንዲዘዋወር **61*፣ ሁሉም ጥሪ እንዲዘዋወር **21* ነው። ለማጥፋት ##62# ወይም እንደ ዐይነቱ ሌላው ቁጥር፣ ለመመርመር ደግሞ *#62# ይመታል። ለነጋዴ የመጀመሪያው ከሁሉ ይሻላል፤ ኔትዎርክ ሲመለስ ስልኩ ራሱ ይጠራልና ማንም ማስታወስ አያስፈልገውም። ወጪው ግን መታሰብ አለበት፤ የተዘዋወረው ጥሪ ሂሳብ በደዋዩ ላይ ሳይሆን ባዘዋወረው ላይ ይወድቃል።

የማዞሪያው የምሥጢር ቁጥር ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ ለምሳሌ 1234 ሆኖ፣ መተው የለበትም። ይህን ቁጥር በየመጽሐፉ የሚያነበው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከውጭ ሆኖ በማዞሪያው ውስጥ ገብቶ ወደ ባዕድ አገር የሚደውል ሌባም በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። መጋዘን ውስጥ ያለውን ስልክ ከውጭ አገር ጥሪ መከልከልም በዚሁ ምሥጢር ቁጥር የሚደረግ ሥራ ነው።

መብራት በጠፋ ጊዜ ባትሪ የሌለው ማዞሪያ ቁልፎቹን ሁሉ ይዞ ይተኛል። ብዙዎቹ ማዞሪያዎች ግን በዚያ ሰዓት አንድን የውስጥ መስመር በቀጥታ ከውጭው መስመር ጋር ያገናኛሉ። የትኛው እንደ ሆነ ከባለሙያው ተጠይቆ በዚያ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ተራ ስልክ ይተከላል። የቁልፎቹ ዝርዝርም በሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ከስልኩ ሥር፣ ሌላው በሂሳብ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጸሓፊው ሥራ በሚለቅበት ቀን ከመክፈቻዎቹ ጋር ይህንንም ያስረክባል።