ስለ ፓርኪንሰን በሽታና ከሰው ጋር ሆኖ ሰውነትን ስለ ማንቀሳቀስ

ባለፈው ክረምት በአዘና አንድ የታመሙ ሽማግሌ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። እኒህ ሰው በጐልማስነታቸው ስመ ጥር ፈረስ ጋላቢ፣ በማኅበርም ላይ ጨዋታ አዋቂ እንደ ነበሩ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ባየናቸው ጊዜ ግን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ ቀኝ እጃቸው በጉልበታቸው ላይ ያለ ማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከማኅበር የቀሩበትን ምክንያት ብንጠይቃቸው «ጽዋውን ሳልደፋ ለባልንጀራዬ ማቀበል ስላቃተኝ ነው» ሲሉ መለሱልን። በሽታው የያዘው እጃቸውን ነው፤ ከሰው የለያቸው ግን ሐፍረት ነው። ይህን ትምህርት የጻፍነው እርሳቸውንና እርሳቸውን የመሰሉትን በማሰብ ነው።

1ኛ፤ በሽታው ምንድር ነው?

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. ስለዚህ ሕመም አንድ ድርሰት ስለ ጻፈ፣ በሽታው በስሙ ይጠራል። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያዘጋጁ ሕዋሳት አሉ። ዶፓሚን የሰውነት እንቅስቃሴ የተስተካከለ እንዲሆን የሚያደርግ መልእክተኛ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ ሲሄዱ፣ ከዚህ የሚከተሉት ምልክቶች ይታያሉ፤

ሀ/ እጅ ሥራ ፈትቶ ባረፈበት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤
ለ/ ጡንቻ ይገተራል፤
ሐ/ እንቅስቃሴ ሁሉ ይዘገያል፤ እርምጃም ያጥራል፤
መ/ በሽታው እየቆየ ሲሄድ ሚዛን መጠበቅ ያስቸግራል።

ከዚህም ሌላ ድምፅ ይቀንሳል፤ ፊት ስሜት አልባ ስለሚመስል ሰው የተቈጣ ይመስለዋል። የጽሕፈት ፊደልም ወደ መስመሩ መጨረሻ በቀረበ ቍጥር እያነሰ ይሄዳል፤ ይህን መምህራን ቶሎ ያስተውሉታል። ይሁን እንጂ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት ስላልሆነ፣ በሐኪም መመርመር ያስፈልጋል። በሽታው በመጠጫ ዕቃም ሆነ በመጨባበጥ አይተላለፍም። እርግማንም፣ የቡዳ ሥራም አይደለም።

2ኛ፤ መድኃኒትና እንቅስቃሴ

ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ብዙ ሕሙማንን ሲያገለግል ኖሯል። ምልክቱን ያቀልላል እንጂ ሕዋሳቱን ከመሞት አያድንም። ማናቸውም በሽተኛ ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን በድንገት ሊያቋርጥ አይገባውም። ከመድኃኒቱ ጋር ደግሞ ሰውነትን ማንቀሳቀስ እጅግ ይጠቅማል፤ እርምጃን ያሻሽላል፣ ጡንቻን ያበረታል፣ ሚዛንን ያጸናል፣ የመንፈስ ጭንቀትንም ያቃልላል። ነገር ግን የሚጠቅመው ሳይቋረጥ ሲሠራ ብቻ ነው።

3ኛ፤ ከሌሎች ጋር መሆን ስለ ምን ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት ምት ነው። የበሽተኛው አንጎል እርምጃን ከውስጥ የሚመራበት ምት ሲደክም፣ ከውጭ የሚመጣ ምት ሊያግዘው ይችላል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን፣ በበር ለማለፍ እግሩ እንደ ተተከለ የቀረ አንድ ሰው፣ ሙዚቃ ሲጀመር ከጓደኞቹ ጋር እየተራመደ ሲያልፍ በዓይናችን አይተናል። ለእኛም ከበሮ፣ ጭብጨባና እስክስታ አሉን።

ሁለተኛው ምክንያት ጽናት ነው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ዝናብ በጣለ ቀን ይተወዋል፤ ጓደኞቹ በደጅ የሚጠብቁት ግን ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ ጥር 23 ቀን በድምቀት የሚያከብረው አባላቱ እርስ በርሳቸው ስለሚጠባበቁ ነው። ሌላው ዓለምም ይህን ተረድቶታል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ለሕሙማኑ የጭፈራ ትምህርት ተጀመረ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በኢንዲያናፖሊስ ሰው ሳይመታ የሚሠራ የቦክስ ልምምድ ተጀመረላቸው። በአገራችንም ራሳቸው በዚሁ ሕመም የተያዙት ወይዘሮ ክብራ ከበደ፣ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት በአዲስ አበባ መሥርተዋል።

4ኛ፤ በአዘና እንዴት ይሠራል?

ቦታው የትምህርት ቤት ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ጭቃው ስለሚያዳልጥ በክፍል ውስጥ ይሁን። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ ይሠራ፤ አቅም እየጨመረ ሲሄድ በሳምንት 150 ደቂቃ ይድረስ። ለያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ረዳት ይቁም።

ሀ/ መደገፊያ ባለው ወንበር ተቀምጦ አንገትን፣ ትከሻንና ክንድን በዝግታ ማፍታታት፤
ለ/ ከወንበር 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ። ቍጥሩን ሁሉም በአንድነት ከፍ ባለ ድምፅ ይቍጠሩት፤ ድምፅም አብሮ ይሠለጥናል፤
ሐ/ በሽተኛውና ረዳቱ ፊትና ኋላ ሆነው፣ በአገራችን የማይታጡትን ሁለት የቀርከሃ ዘንጎች በግራና በቀኝ ይዘው በከበሮ ምት መራመድ። የረዳቱ ክንድ ሲወዛወዝ የበሽተኛው ክንድ ይከተላል፤
መ/ በመሬት ላይ በኖራ ወይም በአመድ አንድ አንድ እርምጃ አራርቆ መስመር ማስመር፣ በየመስመሩም ላይ እግርን ከፍ አድርጎ መራመድ፤
ሠ/ በመጨረሻ እስክስታ፤ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ ትከሻውን ይምታ።

5ኛ፤ ጥንቃቄ

ከመጀመር በፊት የጤና ባለሙያ ይጠየቅ። ልምምዱ መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን። ከመቀመጫ ሲነሡ በዝግታ ይሁን፤ የደም ግፊት ወርዶ ራስ ሊያዞር ይችላልና። ደረቱን የወጋው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ራሱን ያዞረው ወዲያው ያቁም። እግሩ መሬት የያዘው ሰው አይጐተት፤ ቆም ይበልና «አንድ፣ ሁለት» ተብሎ ይቈጠርለት።

መምህራን ሆይ፤ ሜዳው፣ ፊሽካውና የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርቱ በእጃችሁ ናቸው። የከተማው ነዋሪዎችም በየቤቱ የተቀመጠውን በሽተኛ ታውቁታላችሁ። ሄዳችሁ ከደጁ ጥሩት። የማኅበሩ ቀን ሲደርስ ደግሞ ጽዋውን እስከ ግማሹ ብቻ ሞልታችሁ አቀብሉት፤ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ ከጎኑ የተቀመጠውም ያግዘው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1/ የበሽታውን አራት ዋና ምልክቶች ዘርዝሩ።
2/ ምት በሽተኛውን የሚረዳው ስለ ምንድር ነው?
3/ በሠፈራችሁ ከሰው የተለየ በሽተኛ ቢኖር በመጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?