ከጨው እስከ ኳርክ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ ሰባት የሚኖር ተማሪ ከጓዳ የሚያነሣው ቁንጥር ጨው ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሚገኘው ከአሳል ሐይቅ፣ የአፋር ነጋዴዎች ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ሲያጓጕዙ ኖረዋል። አበው «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ለመሆኑ ጨውን ከድንጋይ የሚለየው ምንድን ነው?

ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን አቶሞች የተሠራ ነው። አቶም የሚለው የግሪክ ቃል ትርጓሜው «የማይከፈል» ነው፤ ሆኖም አቶም ተከፍሎ በእምብርቱ ፕሮቶንና ኒውትሮን፣ በዙሪያው ኤሌክትሮን መኖሩ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1964 መሬይ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ፣ ፕሮቶንና ኒውትሮንም ከሌሎች ቅንጣቶች የተሠሩ ናቸው ሲሉ በየግላቸው ሐሳብ አቀረቡ። ጌልማን ቅንጣቶቹን ኳርክ ብሎ ሰየማቸው። ዛሬ ስድስት ዓይነት ኳርኮች ይታወቃሉ፤ በዙሪያችን የምናየው ቁስ አካል የተሠራው ግን «አፕ» እና «ዳውን» ከሚባሉት ከሁለቱ ነው። የአፕ የኤሌክትሪክ ሙል +2/3፣ የዳውን −1/3 ነው። ሁለት አፕና አንድ ዳውን ተጣምረው ሙሉ +1 የሆነውን ፕሮቶን፣ አንድ አፕና ሁለት ዳውን ደግሞ ሙል የሌለውን ኒውትሮን ያስገኛሉ።

ኳርክን ለብቻው ነጥሎ ያገኘ ማንም የለም፤ ኳርኮችን ለመለያየት የሚፈስሰው ጉልበት ራሱ አዳዲስ ኳርኮችን ይወልዳልና። ታዲያ መኖሩ በምን ታወቀ? እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በአሜሪካ በስታንፎርድ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮኖችን በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ፕሮቶን ወረወሩ። አንዳንዶቹ ከጠጣር ነጥብ ጋር የተጋጩ ያህል በሰፊ ማዕዘን አቅጣጫቸውን ለወጡ። ስለዚህ ሥራ ጀሮም ፍሪድማን፣ ሄንሪ ኬንዳልና ሪቻርድ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዓይን ያላየውን ነገር ምልክቱ መሰከረለት።

እንግዲህ የጨውም የድንጋይም ሥረ መሠረት አንድ ነው። ሶዲየም 11፣ ክሎሪን 17፣ በብዙ ድንጋዮች ውስጥ የሚገኘው ሲሊከን 14 ፕሮቶኖች አሏቸው፤ ኳርኮቻቸው ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ጨውን ጨው ያሰኘው የቅንጣቶቹ ቍጥርና አደረጃጀት ነው። ኳርክ ራሱ የሚከፈል ስለ መሆኑ እስከ ዛሬ ማስረጃ አልተገኘም።

መልመጃ

1. «እምብርት»፣ «ቅንጣት» እና «ሥረ መሠረት» የሚሉትን ቃላት በምንባቡ ባላቸው ፍች ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
2. ኳርክ ተነጥሎ ሳይገኝ መኖሩ እንዴት ታወቀ?
3. የሶዲየም እምብርት 11 ፕሮቶኖችና 12 ኒውትሮኖች ካሉት፣ ስንት አፕና ስንት ዳውን ኳርኮች ይኖሩታል?
4. በምንባቡ የተጠቀሰውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከሰው ሕይወት ጋር አዛምዳችሁ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።