ተነቃይ ጣሪያ ሲገዛ ማያያዣውም ይቆጠር

የማዝዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ ያቀረበው ኤምኤክስ-5 የተሰኘው ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ከላይ የሚታጠፍ ሸራ አለው። ብርድና ዝናብ ሲመጣ ግን ብዙ ባለቤቶች ተነቃይ ጠንካራ ጣሪያ ይፈልጋሉ። ለቀድሞዎቹ ሞዴሎች በፋብሪካው የተሠራው ጣሪያ በአብዛኛው የሚገኘው ካገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ስለሆነ፣ ገዥው ከዋጋ ክርክር በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይኖርበታል።

አንደኛው ልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2005 የተሠሩት የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ መኪኖች አንዱ የሌላውን ጣሪያ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ ለወጡት ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ማያያዣ ነው። ጣሪያው ከፊት በመስታወቱ ክፈፍ፣ በጎን ከበሮቹ ኋላ፣ ከበስተኋላም ከመኪናው አካል ጋር ይያያዛል። የጎኑ መቆለፊያ መቀበያ መኪናው ላይ ከሌለ ለብቻው ይገዛል፤ ይህም በዋጋው ላይ ይደመራል።

ሦስተኛው ዙሪያውን የሚዞረው ጎማ ነው። የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ውኃ ያስገባል።

ጣሪያው 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስፋቱ ስለሚያስቸግርና ቀለም ስለሚጭር ለሁለት ማንሳት ይመረጣል። ሸራው ታጥፎ ከወረደ በኋላ ጣሪያው ይቀመጣል፤ መቆለፊያዎቹ የሚጠብቁት ሁሉም ቦታቸውን ሲይዙ ነው። አንዱን አስቀድሞ ማጥበቅ ሌላውን ከቦታው ያስወጣል።

ስለዚህ አዋጪው መንገድ ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት ጣሪያውን በራሱ በገዥው መኪና ላይ ገጥሞ፣ ውኃ አፍስሶበት መፈተሽ ነው።