ሚዛንና የሕዝብ ድምፅ

በመቱ ገበያ ቡናውን ለመሸጥ ያመጣ ገበሬ ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አያነሣም። በቀድሞው ሚዛን ሁለቱ ሳህኖች እኩል መቆማቸውን ራሱ ያይ ነበር። በአዲሱ ሚዛን ግን የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን የሚያወጣው ነገር በውስጥ ተሰውሯል። ብልህ ገበሬ ስለዚህ ነገር አዲሱን ሚዛን አይንቀውም፥ በጭፍንም አያምነውም፤ ክብደቱ የታወቀ ብረት አስቀድሞ ያስመዝንበታል። ከዚህ በኋላ ሚዛኑ ካሰበው ያነሰ ቢያሳየው ያዝናል እንጂ ተበደልሁ ብሎ አይጣላም።

የሕዝብ ድምፅም እንዲሁ የሚመዘን ነገር ነው። ያሸነፈ ሰው ቆጠራው ትክክል መሆኑን ለማመን ብዙ ማስረጃ አያሻውም፤ ደስታው ይበቃዋልና። ማስረጃ የሚያስፈልገው ለተሸነፈው ነው። የተሸነፈው ወገን በእውነት መሸነፉን አይቶ ወደ ቤቱ በሰላም ከተመለሰ አገር ይጸናል፤ ካላመነ ግን ጎረቤት ከጎረቤቱ ይለያያል።

ሥልጣን አደራ መሆኑ ለኢሉባቦር ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋልና። በወረቀት ድምፅ መስጠት ግን ለአገሩ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡ መኳንንትና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን መብት ለሕዝቡ፥ ለወንዱም ለሴቲቱም ሰጠ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957ም የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ።

በዚያ ምርጫ ወደ ምክር ቤት ከገቡት እንደራሴዎች አንዲቱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። እኚህ ሴት በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ኢሉባቦር መጥተው በጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ቆሙ፤ በኋላም ተማርከው ወደ ጣልያን አገር ተወሰዱ። አገር ነጻ ከወጣ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ በሕዝብ ድምፅ ተመርጠው ወደ ምክር ቤት በመግባትም ከኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ናቸው። በግዞት የኖረ ሰው ነጻ ድምፅ ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ያውቃል።

በምርጫ ሁለት ነገሮች ይጠበቃሉ፤ ማን ማንን እንደ መረጠ ይሰወር፥ ቆጠራው ግን ይገለጥ። በእንግሊዝ አገር እስከ 1872 ድረስ መራጭ ድምፁን በአደባባይ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ ጭሰኛው ባለርስቱን እየፈራ ልቡ ያልወደደውን ይመርጥ ነበር። የምስጢር ድምፅ ይህን ፍርሃት አስወገደ። የኢትዮጵያም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ38ኛው አንቀጽ፥ 18 ዓመት የሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት እንዳለውና ድምፅም በምስጢር እንዲሰጥ ይደነግጋል።

በዚህ ዘመን ግን አንድ ጥያቄ ተነሥቷል፤ በመቱና በበደሌ ሰው ገንዘቡን በስልክ የሚልክ ከሆነ ድምፁንስ በስልክ ስለ ምን አይሰጥም? ሁለቱ ነገሮች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ገንዘብ ሲላክ የላኪውና የተቀባዩ ስም ይጻፋል፤ ስሕተት ቢገኝ መዝገቡ ተገልጦ ይታረማል። ድምፅ ግን ከባለቤቱ ስም መለየት አለበት፤ ስለዚህ ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ የማን እንደ ነበረ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ደግሞም በቤቱ በስልክ የሚመርጠውን ሰው ሌላው በአጠገቡ ቆሞ ሊያስገድደው ይችላል።

አንዳንድ አገሮች ይህን አስበውበታል። ኤስቶኒያ ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ድምፅ መስጠትን ፈቀደች፤ ነገር ግን ተገድዶ የመረጠ ሰው ደግሞ እንዲመርጥ፥ የኋለኛውም ድምፅ ብቻ እንዲቆጠር ሠራች። የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2009፥ ልዩ እውቀት የሌለው ዜጋ የምርጫውን ዋና ሥራ ራሱ ሊያረጋግጥ ይገባዋል ብሎ፥ ይህን የማይፈቅዱትን የድምፅ መስጫ መኪናዎች አልተቀበለም። በኬንያ በ2017 ፍርድ ቤቱ የምርጫው ኮምፒዩተሮች ይመርመሩ ብሎ ባዘዘ ጊዜ የምርጫው ኮሚሽን ትእዛዙን በሙሉ አልፈጸመም፤ ፍርድ ቤቱም የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ፥ ሕዝቡም እንደ ገና መረጠ።

እንግዲህ ዕውቀት ጠላት አይደለም። ኮምፒዩተር የመራጮችን ስም ለመመዝገብና አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ለመከልከል ይጠቅማል። ነገር ግን ከቁጥሩ በስተኋላ ሰው በእጁ ይዞ የሚቆጥረው ወረቀት ቢኖር፥ የተወዳዳሪዎቹም ወኪሎች ቆመው ቢያዩ፥ ያ ወረቀት ለሕዝቡ እንደ ገበሬው መመዘኛ ብረት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ሣጥኑንም ኮምፒዩተሩንም የሚጠብቅ ሰው ነው። የገበሬውን ቡና በሐሰት የመዘነ ነጋዴ አንድ ሰው በደለ፤ የሕዝብን ድምፅ የለወጠ ግን ያልተወለዱትን ጭምር በደለ፥ ስሙም አደራ በላ ይባላል። ዛሬ የጓደኞቹን ደብተር በእውነት የሚቆጥር የክፍል አለቃ ነገ የአገሩን ድምፅ በእውነት ይቆጥራል።

ጥያቄ።
1. የምርጫ ማስረጃ ከአሸናፊው ይልቅ ለተሸነፈው የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው?
2. ገንዘብን በስልክ መላክና ድምፅን በስልክ መስጠት በምን ይለያያሉ?
3. በምርጫ የሚሰወረው ምንድር ነው? የሚገለጠውስ?